ቆጵሮስ የተንቀጠቀጠችበት ሳምንት

እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ፤ አልደብቅም። ሚኒያፖሊስ በገባሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ሊፍት ውስጥ ብቻዬን አልገባም ነበር። የታሸገ ምግብ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ደጋግሜ ሳላነብ ቅርጫቴ ውስጥ አልከትም። ቴሌቪዥኑ «ዛሬ በረዶ አይጥልም» ካለ የበረዶ ጫማዬን አጥልቄ ነው የምወጣው። ባለቤቴ «አንቺ እኮ ሰው ሰላም ሲልሽ ምን ፈልጎ ነው ትያለሽ» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። እሱ ያልጠረጠረውን ስንቱን ነገር ጠርጥሬ አድኜዋለሁ።

ይህን ጠባይ ያወረሰኝ አባቴ ነው። አባባ በወጣትነቱ ካራቆሬ ላይ መሬት ሲንቀጠቀጥ እዚያው ነበር። ቤት ሲፈርስ፣ መንገድ ሲሰነጠቅ በዓይኑ አይቷል፤ ከዚያ በኋላ ጣራ የሚባል ነገር አምኖ አያውቅም። ኮምቦልቻ ባደግንበት ቤት የሁላችንም አልጋ በሩ አጠገብ ነበር። ከራስጌያችን በላይ ዕቃ አይሰቀልም። ቁም ሳጥን ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ከተንጫጩ «ሰው ይዛችሁ ውጡ! ዕቃ ተዉ!» ብሎ ይጮሃል፤ እኔና ታናሽ እህቴ ብርድ ልብስ ተከናንበን ግቢ ውስጥ እንገተራለን። ብዙውን ጊዜ ወደ አሰብ የሚወርድ የጭነት መኪና ሆኖ ይገኛል። ጎረቤቱ በአጥር ላይ ብቅ ብሎ ይስቅብናል፤ እኛ በሐፍረት እንሞታለን። አባባ ግን ቅንጣት አያፍርም። «መሬትን እመኑ ያላችሁ ማነው?» ይለናል፣ ጥፋቱ የእኛ ይመስል።

ሲዋርድ በሚባለው የሚኒያፖሊስ ሰፈር የተከራየነው አፓርታማ አጠገብ የጭነት ባቡር ያልፍ ነበር። ባቡሩ ሲመጣ ኪችን ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ፤ እኔም ሳላስበው በሩ ጋ ደርሼ፣ እጀታውን ይዤ እገኛለሁ። ባለቤቴ ከሶፋው ሳይነሳ «ባቡር ነው፣ ተመለሺ» ይለኛል። እመለሳለሁ፤ ግን ባቡሩን በመስኮት ሳላይ አይደለም።

እህቴ ከእኔ በኋላ ነው ከቤት የወጣችው። እኔ አሜሪካ ስገባ እሷ በኤጀንሲ በኩል ቆጵሮስ ሄደች፤ ሊማሶል በምትባል የባሕር ዳር ከተማ አንዲት አሮጊት ትጦር ነበር። የዕረፍት ቀኗ እሑድ ነው። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከመንገድ ስልክ ትደውልልኛለች፤ የእሷ ከሰዓት የእኔ ማለዳ ነው። እሷም የአባቷ ልጅ ናት፤ እንዲያውም ትብስብኛለች። ገና «ሄሎ» ከማለቴ «ድምፅሽ ለምን ቀጠነ? ከባልሽ ጋር ተጣልታችሁ ነው? አጠገብሽ ማን አለ?» ትለኛለች። እኔም «አንቺስ ለምን ትቸኩያለሽ? ሴትዮዋ ተቆጥታሽ ነው?» እላታለሁ። እኔና እሷ ስንነጋገር ቃሉን ትተን ትንፋሹን ነበር የምናዳምጠው።

ነገሩ የሆነው እንደ ፈረንጆቹ በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ቅጠሉ ቀልቶ መርገፍ በጀመረበት ወቅት ነው። ብሉሚንግተን አውሮፕላን ማረፊያው አቅራቢያ ባለ ሆቴል ክፍል አጸዳ ነበር። አንድ ረቡዕ ጠዋት አንዱ እንግዳ ቴሌቪዥኑን ሳያጠፋ ወጥቶ ኖሯል። አንሶላውን እየገፈፍኩ ቀና ስል ካርታ አየሁ። ሰማያዊ ባሕር፣ ባሕሩ መሐል ደሴት፣ ደሴቲቱ ጥግ ላይ ቀይ ክብ። ቆጵሮስ ላይ መሬት ተንቀጠቀጠ። ዜና አንባቢዋ ይህን በአንድ ትንፋሽ ብላ፣ ፈገግ አለችና ወደ አየር ሁኔታ አለፈች። በሥራ ሰዓት የእንግዳ አልጋ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው። ተቀመጥኩ።

ቤት እንደ ገባሁ ወደ አሮጊቷ ቤት ደወልኩ። ስልኩ ይጠራል፤ የሚያነሳ የለም። ዘግቼ ደወልኩ፤ ይጠራል፤ የሚያነሳ የለም። ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ መቀበያውን ጆሮዬ ላይ እንደ ለጠፍኩ አገኘኝ። ነገርኩት። ከሆቴል ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሰው የሚያመላልስ ሾፌር ነው፤ ከሰው ጋር መነጋገር ያውቅበታል፤ እንዴት እንደሚያረጋጋም ያውቃል። «አስቢው እስቲ» አለኝ። «ፎኑ ሪንግ ካደረገ ቤቱ አለ ማለት ነው። ቤቱ ካለ እሷም አለች። ምናልባት ፈርተው ወጥተው ይሆናል። እሑድ ትደውላለች።» ነገሩ እውነት መሰለኝ፤ ያን ቀን እራቴን በላሁ።

ሐሙስ ማታ ማታ ኮሌጅ እሄድ ነበር። ለዲፕሎማዬ አንድ የሳይንስ ኮርስ ያስፈልገኝ ስለነበር ከቀረቡት ሁሉ ስለ ምድር የሚያስተምረውን መርጬ ነበር፤ አባባን ያሳበደው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ። መምህሩ እጅጌው ጠመኔ የማይለቀው፣ ረጋ ያለ ሽማግሌ ነው። ያን ቀን ገና ሳልጠይቀው እሱ ራሱ የሜዲትራኒያንን ካርታ ሰቅሎ ጠበቀን።

የምድር ቅርፊት አንድ ወጥ አይደለም አለን፤ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ፕሌት ይባላል፤ እያንዳንዱም ቀስ እያለ ይሄዳል። አፍሪካን የተሸከመው ፕሌት ወደ ሰሜን ይገፋል፤ ከቆጵሮስ በስተደቡብ፣ ከባሕሩ ወለል በታች፣ ጫፉ ደሴቲቱ ሥር ሊገባ ይታገላል። ድንጋይ ከድንጋይ ተያይዞ ለረጅም ጊዜ ዝም ይላል። ሰውም ዝምታውን ሰላም ነው ብሎ ቤት ይሠራበታል። ከዚያ በአንድ ቅጽበት ይላቀቃል። የደሴቲቱ ትልቁ ተራራ ራሱ ድሮ የባሕር ወለል ነበር፤ በዚህ መገፋፋት ነው ወደ ላይ የወጣው አለን።

እጄን አወጣሁ። «የሚገፋው የትኛው የአፍሪካ ክፍል ነው?» አልኩት።

«ሁሉም» አለኝ። «አንቺ ከየት ነሽ?»

ተነስቼ ካርታው ላይ ኮምቦልቻን አሳየሁት። ጣቱን ጣቴ አጠገብ አድርጎ፣ ከአፋር በረሃ በላይ ባለው ገደል አፋፍ ላይ አንሸራተተው። «አንቺማ ያደግሽው ከንፈሩ ላይ ነው» አለኝ። ከገደሉ በታች አፍሪካ ራሷ እየተቀደደች እንደሆነ፣ እኛ ግን ከላይ፣ ወደ ሰሜን በሚገፋው ወገን ላይ እንደሆንን አስረዳኝ። አባባ የቆመበት መሬት እህቴ የተኛችበትን ደሴት እየገፋ ነው ማለት ነው። ያ ሁሉ ዓመት ጎረቤት ሲስቅበት የነበረው አባቴ አንድም ነገር አልተሳሳተም ነበር፤ ይህን ለመስማት ብቻ ብዬ የዚያን ኮርስ መጽሐፍ ተሸክሜ ብመላለስ አይቆጨኝም።

«ሚኒሶታስ?» አልኩት።

«ሚኒሶታ መሐል ላይ ናት፤ ከየትኛውም ጫፍ ሩቅ ነች። ድንጋዩም በጣም ያረጀ ነው። እዚህ ተረጋግተሽ መተኛት ትችያለሽ።» አላመንኩትም።

ተማሪው ሲወጣ ቆየሁና ስለ ስልኩ ጠየቅኩት። ስልኩ የሚጠራ ከሆነ ቤቱ አልፈረሰም ማለት ነው አይደል? እሱ ደግሞ መዋሸት አያውቅም። የምንሰማው የጥሪ ድምፅ ከስልክ ማዞሪያው እንጂ ከቤቱ የሚመጣ አይደለም፤ ቤቱ ባይኖርም ሊጠራ ይችላል አለኝ። ፊቴን ሲያየው ደነገጠ። የከፋ ጉዳት እንዳልሰማ፣ እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ከማስደንገጥ እንደማያልፍ ነገረኝ። ደግ ሰው ነው፤ ግን አንዴ የገባብኝ ነገር አይወጣልኝም።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ መታጠቢያ ቤት ነው። የስልኩ ገመድ ከሳሎን ተጎትቶ በተዘጋው በር ሥር ገብቷል። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ «እሺ፣ እሺ» ይላል፣ ሌላ ቃል አይናገርም። በሩን ስቆረቁር ዘጋው። ሲወጣ ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«ማነው?»

«ከሥራ ነው። ሺፍቴን ቼንጅ ሊያደርጉ ነው።»

«ታዲያ ለምን መታጠቢያ ቤት?»

«ቲቪው ይረብሸኛል ብዬ ነው።» ቲቪው ጠፍቷል።

«ዓይንህ ምን ሆነ?»

«ሽንኩርት ስከትፍ ነው።»

ኪችን ገባሁ። መክተፊያው ደርቆ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። የተከተፈ ሽንኩርት የለም፤ ልጣጭም የለም። ያ ሰው ከእኔ ጋር በኖረበት ዘመን ሁሉ ሽንኩርት ከትፎ አያውቅም። ምንም አላልኩትም። ሰው ሲዋሽ ዝም ካልሺው ሌላ ውሸት ይጨምራል፤ ሁለተኛው ውሸት ደግሞ የመጀመሪያውን ያጋልጣል።

ሁለተኛው ውሸት ዓርብ ጠዋት መጣ። ወደ ቆጵሮስ ልደውል ስልኩን ሳነሳ ጭጭ ብሏል። «ላይኑን ፊክስ እያደረጉ ነው፤ ጠቅላላ ቢልዲንጉ አይሠራም» አለኝ፣ ጫማውን እያሰረ። አንድ ፎቅ ወርጄ የጎረቤታችንን በር አንኳኳሁ። ጎረቤታችን የአርሲ ኦሮሞ የሆኑ ትልቅ ሴት ናቸው፤ ሕንፃው ውስጥ ያለን ሁሉ አዴ፣ እማማ እንደ ማለት፣ እንላቸዋለን። በሩን ሲከፍቱ በስልክ እያወሩ ነበር። ሲያዩኝ ቶሎ ዘጉት። «አዴ፣ ስልክዎ ይሠራል?» አልኳቸው። «ስልክ?» አሉ፣ ከቻይና ወደ አገራችን የገባ አዲስ ዕቃ የጠራሁባቸው ይመስል። ከዚያ እጃቸውን አናቴ ላይ አሳረፉ። «ኢንተለ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ሌላ ጊዜ በሩን በደንብ አልዘጋሽም፣ ቆሻሻ በሰዓቱ አላወጣሽም እያሉ ሲቆጡኝ ነው የማውቃቸው።

የዚያን ዕለት ቀትር ላይ ደግሞ ቡርንስቪል የምትኖረው ጓደኛዬ ድስት ይዛ ከተፍ አለች። ዓርብ ቀን ሥራ ገቢ ናት፤ ለሠርጌ እንኳ ፈቃድ አልሰጡኝም ብላ ዘግይታ የመጣች ሴት ናት። «ኦፍ ወሰድኩ፤ ናፈቅሽኝ» አለችኝ። ስንገናኝ መሰዳደብ ልማዳችን ነው፤ ያን ቀን ግን «የኔ ቆንጆ» አለችኝ። የኔ ቆንጆ! በገዛ እጇ አጎረሰችኝ። «ምን ሆናችሁ ነው ሁላችሁም?» ብላት «ምን እንሆናለን፣ ቃዠሽ እንዴ!» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን እኔ ጉርሻውን ከመዋጤ በፊት አለቀ።

ይህን ሥራ አውቀዋለሁ። እኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም፤ ብቻውን ላለ ሰውም አይነገርም። የሰሙት ሰዎች ለራሳቸው ይዘውት ይከርማሉ። የሞተበትን ሰው ያበሉታል፣ ያጫውቱታል፣ ያስተኙታል። ከዚያ ዕረፍት ቀኑን ጠብቀው፣ ማልደው፣ ተሰብስበው ይመጣሉ። መርዶ ማለት ያ ነው። እኔ ራሴ ስንት መርዶ ተሸክሜ አውቃለሁ። ወንድሟ የሞተባትን አንዲት ሴት ገበያ አዳራሽ ይዣት ዞሬ፣ ጫማ አስለክቻት፣ ስትስቅ ስቄ፣ በማግስቱ ማለዳ በሯ ላይ ከቆሙት አንዷ ነበርኩ። ስለዚህ ሰው የሚያጎርሰው መቼ እንደሆነ፣ የሚቀልደውም ለምን እንደሆነ ለእኔ የሚነግረኝ አያስፈልገኝም። እህቴ ሞታለች። ሁሉም ያውቃል፤ እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት።

ዓርብ ማታ ባለቤቴን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት። አባባን ነበር ያሰብኩት። ኮምቦልቻ ከታላቅ ወንድማችን ጋር ነው የሚኖረው፤ ቤቱ ስልክ የለም፤ ስንደውል ጎረቤት ሱቅ እናስጠራዋለን። ልጁ ባለችበት አገር መሬት ተንቀጠቀጠ ሲባል ከሰማ ልቡ ቀጥ ትላለች። «አደራህን» አልኩት፣ «ለአባባ ማንም ሰው ምንም እንዳይነግረው።»

ባለቤቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። «እሺ» አለኝ። «ማንም አይነግረውም።» ከዚያ ተነስቶ ሳህኖቹን ያጥብ ጀመር። ይህም ልማዱ አይደለም።

ቅዳሜ ሥራ ገባሁ። በምሳ ሰዓት ከሆቴሉ የሳንቲም ስልክ በካርድ ወደ ሊማሶል ደወልኩ። ይጠራል፤ የሚያነሳ የለም። የጥሪውን ድምፅ ከዚያ በኋላ ስሰማው ስልክ አልመስል አለኝ፤ በባዶ ሜዳ የሚጮህ ነገር መሰለኝ። መምህሩ ያን ነገር ባይነግረኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስገባ ማንም የለም። ሶፋውን ገፋሁት። የስልኩ ገመድ ከግድግዳው ተነቅሏል። እግር ጠልፎት የወጣ አይደለም፤ በጥንቃቄ ተጠቅልሎ ምንጣፉ ሥር ተሸጉጧል። እጄን እሳት ላይ የያዝኩ ያህል ነደደኝ። የተናደድኩት በሞቷ አልነበረም፤ ለሞቷ ገና አልደረስኩም። የተናደድኩት በባለቤቴ ነው፣ በድስቱ ነው፣ በኔ ቆንጆዋ ነው። እህቴን ለምን ከእኔ በፊት ያለቅሷታል? እኔ ነኝ እኮ ግቢ ውስጥ በአንድ ብርድ ልብስ አብሬያት የቆምኩት። ገመዱን እንደ ነበረ ምንጣፉ ሥር መልሼ ሶፋውን ገፋሁት። ነገ እሑድ ነው። ነገ እንደሚመጡ አውቃለሁ፤ እስከዚያ ድረስ እነሱ ሲዋሹ እኔም መዋሸት አላቃተኝም።

እሑድ ገና ጎህ ሲቀድ ባለቤቴ ቀስ ብሎ ተነሳ። «ጋዝ ልሙላ» አለኝ፤ እንዳየሁት ሲያውቅ። በእሑድ ማለዳ ጋዝ! በሩ ሲዘጋ ተነሳሁ። ከአልጋችን ላይ ፍራሹን ጎትቼ ሳሎን መሬት ላይ ዘረጋሁት። ጥቁር ቀሚሴን ለበስኩ፤ ጥቁር ሻሼን አሰርኩ። እንደ ሐዘን ቤት የግድግዳውን ፎቶ አዞርኩ። እንግዲህ ይምጡ። ዙሪያውን እየዞሩ፣ ስለ አየር ሁኔታ እያወሩ፣ ቁርስ በልተሻል ወይ እያሉ አያደክሙኝም። አይተውኝ በአንዴ ይገላግሉኛል።

ከዚያ ሶፋውን ገፍቼ የስልኩን ገመድ ግድግዳው ላይ ሰካሁት። ለምን እንዳደረግኩት ብትጠይቁኝ መልሱ ቀላል ነው፤ እሑድ ነበር። ተጠራጣሪ ሰው ሞትንም ይጠረጥራል። በሩን ከፍቼ ፍራሹ ላይ ተቀመጥኩ። የዚያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩት። ልጅ ሳለች ብርዱ ሲያንቀጠቅጣት እግሯን እግሬ ላይ ታቆም ነበር፤ እሱን አስታወስኩ።

ሊፍቱ ተከፈተ። ባለቤቴ ከፊት ነው፤ ከኋላው አዴ፣ የቡርንስቪሏ ጓደኛዬ፣ ከሰፈሩ መስጊድ ሁለት ሽማግሌዎች። ሴቶቹ ነጠላቸውንና ሻሻቸውን እያስተካከሉ ነበር። በተከፈተው በር ሲያዩኝ ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። አዴ ወደ ባለቤቴ ዞሩ። «ነገርካት እንዴ?» አሉት። እሳቸው ግን መልሱን አልጠበቁም፤ ጥቁር ለብሼ ፍራሽ ላይ ተቀምጫለሁ፣ ከዚህ በላይ ምን መልስ አለ። ገብተው ጉልበታቸው እየከበዳቸው አጠገቤ ተቀመጡና ጭንቅላቴን ደረታቸው ላይ አደረጉት።

«ኢና ሊላሂ። አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። «አባት ነው። ሁላችንም አባታችንን ቀብረናል።»

ከደረታቸው ቀና አልኩ። «የማን አባት?» አልኩኝ።

ጓደኛዬ አፏን በሻሿ ያዘች። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ባለቤቴ ፊቴ ተንበረከከ፤ ፊቱ ላይ ሽንኩርቱን አየሁት። አባባ ረቡዕ ማታ እንደ ወትሮው ሰግዶ፣ በሩ አጠገብ ካለው አልጋው ላይ ተኝቶ፣ በዚያው አልነቃም። ወንድሜ ሐሙስ ደውሎ ለባለቤቴ ነገረው፤ ቀብረውታል። ዘመድ ወዳጅ እየደወለ እንዳያረዳኝ ብሎ ነው ስልኩን የነቀለው። ስለ እህቴ ማንም የሚያውቀው ነገር የለም፤ የእኔን ያህል እነሱም እሑድን እየጠበቁ ነበር።

ጣራው አልወደቀም። መሬቱ አልተንቀሳቀሰም። ዕድሜውን ሙሉ ሲሸሸው የኖረው ነገር ባሕር ተሻግሮ ሌላ አገር ሲንቀጠቀጥ፣ እሱ በአልጋው ላይ፣ አንድ ብርጭቆ እንኳ ሳይንጫጫ ሄደ። ይህን ሳስብ ጩኸቴ ወጣ። ጓደኛዬ ተቀበለችኝ፤ አዴ በኦሮምኛ ማንጎራጎር ጀመሩ፤ ከየፎቁ የሰሙት ሴቶች እየተጠራሩ ገቡ። ለማን እንደማለቅስ ግን በትክክል አላውቅም ነበር። ደረቴን ስመታ ግማሹን ለአባባ፣ ግማሹን ለእህቴ ነበር።

ስልኩ ጮኸ።

ባለቤቴ እንደ ተወጋ ሰው ዘለለ። ተነቅሏል ብሎ ያመነው ስልክ ነው። እኔ ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ።

«ሄሎ!» አለች እህቴ። «ምነው ከጠዋት ጀምሮ ስልክሽ የማይነሳው? ከባልሽ ጋር ምን ሆናችሁ?»

ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። እጄን አነሳሁ፣ ዝም በሉ ለማለት። ማን ያየኛል።

«ደህና ነሽ?» አልኳት።

«እኔማ ምን እሆናለሁ! ስሚ፣ ጉድ ልንገርሽ። ረቡዕ ሻይ ሳፈላ ብርጭቆዎቹ መንጫጫት ጀመሩ። የጭነት መኪና ነው አላልኩም። ሴትዮዋን ከነወንበሯ ጎትቼ ግቢ! 'ቦርሳዬ፣ መድኃኒቴ' ስትል 'ዕቃ ተዪ' ብዬ በአማርኛ ጮኽኩባት። ከኋላችን የኪችኑ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ልጇ መጥቶ ሁላችንንም መንደር ወሰደን፤ ስልክ የሌለበት ቦታ። አሁን ሴትዮዋ ሰው ባገኘች ቁጥር ይቺ ልጅ አዳነችኝ ትላለች። እንዴት አወቅሽ ሲሉኝ አባቴ ነው ያስተማረኝ እላቸዋለሁ።» ትንፋሿ እየተቆራረጠ ሳቀች። «ዛሬውኑ ደውለሽ ለአባባ ንገሪልኝ። እኔ ሱቁ ጋ መስመሩ እምቢ አለኝ። የሳቅንበትን ሁሉ መልሻለሁ በይው። ይሰማሻል?»

እሷ ያለችው መንገድ ላይ ነው፣ ባዕድ አገር፣ ብቻዋን፣ መቀበያውን ይዛ ቆማ። እጁን አናቷ ላይ የሚያሳርፍ ሰው የላትም። የምትቀመጥበት ፍራሽ የላትም። በዚያ ሁሉ ሰው ላይ የነደድኩበት መደበቅ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

«እነግረዋለሁ» አልኳት። «ይስቃል።»

ትንፋሼን ያዝኩ፤ ልጅቷን አውቃታለሁ።

«ቤትሽ ውስጥ የሚያለቅሰው ማነው?» አለችኝ።

«ላንቺ ነው» አልኳት። «ሞተሻል ብለን ነው። ሁሉም ሰው ተሰብስቦ እያለቀሰልሽ ነው። አንቺን ሲሰሙ ደግሞ ባሰባቸው።»

«ሞኞች!» ብላ ሳቀች። «በሕይወት አለሁ በያቸዋ።»

መቀበያውን ሳልሸፍን ወደ ሰዎቹ ዞርኩና እሷ እንድትሰማ ጮክ ብዬ «ደህና ናት! እህቴ ደህና ናት!» አልኩ። አዴ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው አልሐምዱሊላህ አሉ። ከዚያ እንደገና ልቅሶ ያዛቸው፤ ክፍሉም አብሯቸው አለቀሰ።

እህቴ አዳመጠች። ከቆመችበት ጎዳና የመኪና ጡሩንባ ይሰማኛል፤ የሷ ሳቅ ግን የለም።

«ደህና መሆኔን ነገርሻቸው» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። «ታዲያ ለምን አያቆሙም?»